ሸሪፉን ማን ያስረዋል?

አርሚንታ ስካግስ ባሏን የቀበረችው እሱ ራሱ በሠራው ሳጥን ነው። ዌልቢ ስካግስ ቶሊቨር ካውንቲ በሚባለው የአሜሪካ ወረዳ የሞተውን ሁሉ ሳጥን ሠርቶ የሚቀብር አናጢ ነበር፤ በዚያ ላይ የካውንቲው የአስከሬን መርማሪ። ሰው በጥይት ሲመታ፣ የከሰል ጉድጓድ ሲደረመስበት፣ ወይም ሜዳ ላይ ተዘርሮ ሲገኝ ሬሳውን አይቶ "እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው" የሚል፣ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ ሹም ማለት ነው። ሹመት ይባል እንጂ ማንም አይቀናበትም። የእነዚያ የከሰል ተራሮች ሰው የፖሊስ አዛዡን፣ የሸሪፉን ሹመት ለማግኘት ይጋደላል፣ ዳኛ ለመሆን ወንድሙን ይክዳል፤ የሬሳውን ሹመት ግን ይለፈኝ ይላል።

ዌልቢ በሳንባ ምች በሞተ በሳምንቱ ሸሪፍ ክሪት ሄንስሊ ወደ አናጢ ቤቱ መጣ። ክሪት ፂሙን በየቀኑ የሚላጭ፣ ቀጠን ያለ፣ ሲስቅ የሚያምር ሰው ነበር። ክፋቱ ሲቆጣም መሳቁ ነው። ሚንታ ሳንቃ ስትልግ አገኛትና የበሩን መቃን ተደግፎ ቆመ።

"ሚንታ፣ ስምሽን ልለምንሽ ነው የመጣሁት።"

"ስሜን ምን ያደርግልሃል?"

"የዌልቢን ነዋ፣ ስካግስ የሚለውን። የኛ ፓርቲ ዝርዝር ላይ የአስከሬን መርማሪ የሚለው ቦታ ባዶ ሆኖብኛል። ባዶ ቦታ ደግሞ ያሳፍራል፤ ጥርሱ የወለቀ ሰው ያስመስለኛል።"

"እኔ እኮ ሴት ነኝ፣ ክሪት።"

"ሬሳ ምን ገዶት? ዌልቢ ሲታመምስ የምታገላብጫቸው አንቺ አልነበርሽም?" ከሳንቃው ላይ የተላገውን ፍቅፋቂ አንስቶ በጣቱ እየጠቀለለ "ሆባርትን ደግሞ ምክትሌ አደርገዋለሁ። ጉድጓድ ገብቶ ከሰል ከሚውጥ የሹመት ኮከብ ደረቱ ላይ ይለጥፍ" አላት።

ይኼኛው ነው ያንበረከካት። ሆባርት አንድ ልጇ ነው። አባቷንም ወንድሟንም ጉድጓዱ በልቷቸዋል፤ ልጇ ጠዋት መብራቱን ግንባሩ ላይ አስሮ በወጣ ቁጥር እስኪመለስ ድረስ ውሃ እንኳ በጉሮሮዋ አይወርድም ነበር። ስለዚህ ስሟን ሰጠች።

የድምፅ መስጫው ወረቀት እንዲህ ያለ ነበር፦ እያንዳንዱ ፓርቲ የራሱ ዓምድ አለው፣ በዓምዱ አናት ላይ ወፉ ተስሏል፤ የክሪት ፓርቲ አውራ ዶሮ፣ የተቃዋሚው ንስር። ከወፉ ሥር ክብ አለች። ያቺ ክብ ውስጥ አንድ ኤክስ ያደረገ ሰው ከአገረ ገዢው ጀምሮ እስከ ሬሳ መርማሪው ድረስ በዚያ ዓምድ የተጻፈውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መረጠ ማለት ነው። ክሪት ሄንስሊ እንደዚያች ክብ የሚወደው ነገር በዓለም ላይ አልነበረውም። መራጩን ስም እያስለዩ ከማስነበብ፣ ጎትቶ ክቧ ጋ ማድረስ ይቀላላ! በምርጫ ቀን ምክትሎቹ ከመራጩ ትከሻ ጀርባ ይቆማሉ። እርሳሱ ወደ ንስሩ ያዘነበለ እንደሆነ የሽጉጥ ሰደፍ ማጅራቱ ላይ ያርፋል። ሕዝቡም ክሪትን ፈርቶ ክቧ ውስጥ ኤክስ አደረገ፤ በዚያችው ኤክስ ሚንታንም መረጣት። ወረቀቱ ላይ መኖሯን እንኳ ያላየ ይበዛል።

ቃለ መሐላ የፈጸሙ ቀን የካውንቲው ጸሐፊ የእያንዳንዱን ሹም ሥራ ከሕግ መጽሐፉ ጮክ ብሎ አነበበ። ልማዱ ነው፤ ማንም አይሰማውም። የሬሳ መርማሪው ጋ ሲደርስ "ሸሪፉ ወንጀል ቢሠራ የሚያስረው የአስከሬን መርማሪው ነው፤ ሌላ የካውንቲው ሹም ሊይዘው አይችልም። ሸሪፉ ከታሰረም ሌላ እስኪተካ ድረስ ሥራውን የሚሠራው እሱው ነው" አለ። የሞላው አዳራሽ ሳቀ። ክሪት ሁለት እጆቹን አጋጥሞ ወደ ሚንታ ዘረጋና "እሰሪኝ እንግዲህ፣ ባለሥልጣን!" አላት። ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ሚንታም ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ለመሳቅ የሚያበቃት ብዙ ነገር አላገኘችም። እስር ቤት ውስጥ ጭንቅላቱ የተፈረከሰ ሰው አምጥተው "ከደረጃ ላይ ወድቆ ነው" ሲሏት፣ እስር ቤቱ ደረጃ እንደሌለው እያወቀች "ወድቆ ነው" ብላ ፈረመች። ሌላም ጊዜ እንዲሁ አደረገች። ሆባርት ኮከቡን እየወለወለ ራት ላይ ሲቀመጥ፣ ባቄላውን በበቆሎ ዳቦ እየጠረገ ሲበላ፣ እጁ ላይ የከሰል ጥቁረት አለመኖሩን ታያለች። ይበቃኛል ብላ ዝም አለች።

ዓመታቱ አልፈው የምርጫ ቀን ተመልሶ መጣ። ድምፅ የሚሰጠው በጋርላንድ ሱቅ ነበር፤ ኅዳር ነው፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ሰዉ ከምድጃው ጀምሮ እስከ ውጭ ድረስ ተሰልፏል። ሚንታም ተሰልፋለች። ክሪት የድምፅ ሳጥኑ አጠገብ ነው፤ ከሱ ጎን ክሎይድ የሚባል ዝግ ያለ ግዙፍ ምክትል፣ ከክሎይድ ቀጥሎ ሆባርት የአባቱን ጠመንጃ በክንዱ አንተርሶ። ዌልቢ ሽኮኮ የሚያድንባት ትንሽ ጠመንጃ ናት፤ ጥይቷ ከማነሷ የተነሳ ሰዉ የአይጥ ጠመንጃ እያለ ይቀልድባታል። ሆባርት ግን ከአባቱ የቀረችው እሷ ብቻ ስለሆነች ሌላ አይዝም ነበር።

በዚያ ዓመት ኦርቪል ታኬት የሚባል የማዕድን ሠራተኛ በንስሩ በኩል ለሸሪፍነት ተወዳድሮ ነበር። ጠዋት መጥቶ ከሱቁ ጥግ ቆመ። የድምፅ ሳጥኑን ያያል።

ሽማግሌው ኤኖስ ፕራት ተራው ደርሶ እርሳሱን ያዘና፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ንስሩ ሥር ኤክስ አደረገ።

"አባባ ኤኖስ፣ ዓይንህ ደከመ መሰለኝ" አለ ክሪት።

"ዓይኔ ደህና ነው። ዶሮህ ነው የገማኝ።"

ከሰልፉ ውስጥ ሳቅ ያመለጣቸው ነበሩ። ክሪትም አብሮ ሳቀ። የሽማግሌውን ቀኝ እጅ እንደ ወዳጅ ለስለስ አድርጎ ያዘ፣ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው፣ ከሚዛኑ ላይ ትልቁን ብረት አንስቶ ጣቶቹ ላይ አወረደው። ደጋግሞ አወረደው። የአጥንቱ ድምፅ በር ላይ ለቆመው ሰው ሳይቀር ተሰማ። ኤኖስ መጮህ እንኳ አቃተው፤ አፉን ከፍቶ ብቻ ቀረ።

ኦርቪል ታኬት ከጥጉ ወጣ። "ክሪት፣ ሰዎችህን ከሳጥኑ አርቅ። ሕጉ ከመራጩ ራቁ ይላል።"

"ሕጉ?" አለ ክሪት ብረቱን አስቀምጦ። "ሕጉ ይኸው ፊትህ ቆሟል። አናግረው።" ሽጉጡን መዘዘና ሆዱ ላይ ተኮሰበት።

ኦርቪል አልወደቀም። ሆዱን በሁለት እጁ ጨብጦ ዞረ፣ በዱቄት ጆንያዎቹ መሐል እየተደናበረ በጓሮ በር ወጣ። ክሪት በአገጩ ወደ በሩ ጠቆመ። ሆባርት ተከትሎት ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከጓሮ አንዲት ቀጭን ተኩስ ተሰማች፤ ደረቅ ቅርንጫፍ ሲሰበር ያለችውን ያህል። ሚንታ ሰማች። መስማቷን ግን ለራሷ ለመንገር አልደፈረችም።

"ቀጥሉ እንጂ" አለ ክሪት፣ "ምርጫ ነው፣ ለቅሶ አይደለም።"

ሰዉም ቀጠለ። ደሙን እየተራመደ እርሳሱን ያዘ። ሚንታም ተራዋ ደርሶ ከአውራ ዶሮው ሥር ኤክስ አደረገች። ክሪት አሸነፈ።

ኦርቪልን በጋሪ ያመጣችላት ሚስቱ ዴሊ ነበረች። ፀጉሯ ተበትኖ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ደምና ጭቃ ሆኖ በሩን በጡጫ ደበደበች። ሚንታ ስትከፍት "እትዬ ሚንታ፣ እሱንም እንደ ሌሎቹ ወደቀ ልትይው ነው?" አለቻት። ሬሳውን ተጋግዘው ሳንቃው ላይ አወጡት።

ብቻዋን ስትቀር ልብሱን ቀደደች፣ ከዚያም አካሉን ከፈተች። ሆዱ ውስጥ የገባችው ጥይት ወፍራም የሽጉጥ እርሳስ ነበረች፤ አንጀቱን በጣጥሳ የጀርባው አጥንት ላይ ተለጥፋለች። አገላብጣ ብታየው ማጅራቱ ላይ ሌላ ቀዳዳ አለ፤ የጣት ጫፍ አያስገባም። ከዚያ ያወጣቻት የጥይት እርሳስ በመዳፏ ላይ የአተር ፍሬ ታክላለች። ዌልቢ ስንት ቅዳሜ ከሽኮኮ ሥጋ ውስጥ እየለቀመ ሳህኑ ጠርዝ ላይ የደረደራት እሷን የመሰለችውን ነበር። እንዲህ ያለች ጥይት የምትተኩስ ጠመንጃ በቶሊቨር ካውንቲ አንዲት ብቻ ናት። ሚንታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ሆባርት ሲገባ የበቆሎ ውስኪ ይሸታል። ሬሳውን ላለማየት ግድግዳውን እያየ ቆመ።

"እማ፣ ትንሿን ስጪኝ።"

"የቷን ትንሿን?"

"ታውቂያለሽ።"

"አፍህን ከፍተህ ንገረኝ። በአባትህ ጠመንጃ ምን አደንክ?"

"እንዲሁም ይሞት ነበር እኮ። ሆዱ ተበጥሶ። ክሪት ጨርሰው አለኝ፤ ምን ላድርግ? ጅረቱ ጋ ደርሶ ይድህ ነበር።"

"እየዳኸ? ሰው እየዳኸ ከኋላው?"

"ዞር ብሎ አየኝና..." ሆባርት ግድግዳውን በጥፍሩ ጫረ። "'አንተ የዌልቢ ልጅ አይደለህም እንዴ?' አለኝ። ከዛ መልሶ መዳህ ጀመረ።"

ሚንታ ተነስታ በጥፊ መታችው። ደገመችው፣ ደጋገመችው፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ አገጩ ላይ እስኪወርድ መታችው። እጁን እንኳ ለመከላከል አላነሳም፤ ቆሞ ተመታላት። ሲደክማት በመቀነቷ ጫፍ ደሙን ጠረገችለት። ጥይቷን ግን ጨብጣ ያዘች እንጂ አልሰጠችውም።

በማግስቱ ጠዋት ክሪት መጣ። ሬሳውን በኮቱ ጫፍ እንኳ እንዳይነካ ተጠንቅቆ ዞሮ ዞሮ አየው።

"ሁለት ጥይት ናቸው አሉ። ሁለቱን ካወጣሻቸው ሁለት ሰው ይሰቀላል። ሁለቱንም ጅረት ውስጥ ከጣልሻቸው ማንም አይሰቀልም።"

"ትልቋን ብቻ ባወጣስ?"

ሳቀ። "አይ ሚንታ! ያኔማ እኔ አፌን እከፍታለሁ። ልጅሽን ከኔ ጋር አንድ ገመድ ላይ ታገኚዋለሽ። እንደ ሁልጊዜው 'በማይታወቅ እጅ' በይና ለልጅሽ ቁርስ ሥሪለት።"

የአሟሟቱ ምርመራ የተካሄደው በባፕቲስቶቹ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሕጉ ከካውንቲው ሰው ስድስት የሕዝብ ፈራጆች ይቀመጡ ይላል፤ ሚንታ ጠራቻቸው፣ መጡም። አለቃቸው በርል የሚባል በቅሎ ነጋዴ ነበር። ያን ጠዋት የክሪት ሰዎች መንገድ ላይ ጠብቀው በመጥረቢያ እጀታ ቀጥቅጠውት፣ ጭንቅላቱን በአልጋ ልብስ ቁራጭ ጠቅልሎ፣ አንድ ዓይኑ ተደፍኖ ነው የደረሰው። የክሪት ምክትሎች ጠመንጃቸውን ይዘው በግድግዳው ዙሪያ ቆመዋል። ሆባርት በሩ አጠገብ ነው።

ሚንታ ከፊታቸው ቆመች። መቀነቷ ውስጥ ሁለቱ የጥይት እርሳሶች ተቋጥረዋል። ትልቋን ብቻ ፈትታ ለማውጣት ቤቷ ሳለች ወስና ነበር፤ ክሪት የፈለገውን ይለፍልፍ፣ ማን ያምነዋል ብላ። ቋጠሮውን ስትፈታ ግን ያ የሚድህ ሰው ዞር ብሎ ያያት መሰላት። ልጇን ሳይሆን እሷን፤ የዌልቢ ሚስት አይደለሽም እንዴ ብሎ። ደረጃ በሌለበት ቤት ከደረጃ ወደቁ ያለቻቸውም ሰዎች ትዝ አሏት። ሁለቱንም አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው።

"ትልቋ የክሪት ናት፤ ሲተኩስ ሁላችሁም አይታችኋል። ትንሿ የባሌ ጠመንጃ ናት። ባሌ ሞቷል። ጠመንጃውን የሚይዘው ልጄ ነው።"

በርል በአንድ ዓይኑ እርሳሶቹን አየ፣ ምክትሎቹን አየ፣ ከዚያ ሚንታን አየ። "ይቺ ሴት የገዛ ልጇን ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠች" አለ ለባልደረቦቹ፣ "እኛ ምን ሆነን ነው የምንፈራው?" ፈራጆቹ ገዳይ ብለው የሁለቱንም ስም ጠሩ። ሚንታ ቀና ስትል ሆባርት በሩ ጋ አልነበረም።

ዳኛ ፔምበርተን በየካውንቲው በባቡር እየዞረ የሚያስችል የግዛቱ ዳኛ ነበር፤ የክሪት ሰው ስላልነበረ ብዙ አይወደድም፣ ብዙም አይደፍርም። የክሪትንና የሆባርትን የመያዣ ትዕዛዝ ጽፎ ሲፈርም ብዕሩ ቆም አለበት። "እንደ ወጉ ለሸሪፉ ብዬ ልጽፈው አልችልም፤ ራስህን ያዝ ማለት ይሆናል። ለአንቺ ነው የምጽፈው። እመቤቴ፣ ባታደርሺውም የሚወቅስሽ ሰው የለም።"

"እኔ አለሁ" አለችው፣ ወረቀቱን ተቀብላ።

ቀኑ የችሎት ቀን ነበር፤ አደባባዩ በሰውና በበቅሎ ተሞልቷል። ክሪት ምክትሎቹን ይዞ ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሟል። ሆባርት ከኋላቸው ነው፤ ወደየትም የሚሄድበት ስላጣ ተመልሶ መጥቷል። ሚንታ የእጅ ካቴና የላትም። ትከሻዋ ላይ የሬሳ ሳጥን የምታወርድበትን ገመድ ጣል አድርጋ ደረጃውን ወጣች።

ክሪት እንደዚያ ጊዜው ሁለት እጆቹን አጋጥሞ ዘረጋ። "እሰሪኝ እንግዲህ፣ ባለሥልጣን!" የሚስቅ ግን አልነበረም። ሚንታ ገመዱን አውርዳ እጁ ላይ ስትጥለው ዓይኑ ተለወጠ። ሽጉጡን አውጥቶ በሰደፉ አፏን መታት።

ሁለት ጥርሷ ደረጃው ላይ ተበተነ። ደሙን ተፍታ "ክሪት ሄንስሊ፣ ታስረሃል" አለችው። ግንባሯን ደገማት፤ በጉልበቷ ወደቀች። ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ማየት ከለከላት። ገመዱን ግን አልለቀቀችም።

"ክሎይድ" አለች ዓይኗን ጨፍና። "ሸሪፉ ከታሰረ አለቃህ ማን ነው?"

ክሎይድ ሲያስብ ፊቱ ላይ ይታያል። ቃለ መሐላው ቀን ከሳቁት አንዱ እሱ ነበር፤ ጸሐፊው ያነበበውን አሁን እያስታወሰ ነው። ቀና ብሎ ፎቁ መስኮት ላይ የቆመውን ዳኛ አየ፣ አደባባዩን የሞላውን ሰው አየ፣ የሚንታን ጥርስ ደረጃው ላይ አየ። "እትዬ... ማለቴ፣ ሸሪፍ..." አለና ጠመንጃውን አዙሮ በሰደፉ የክሪትን ጆሮ ግንድ መታው።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ሌሎቹ ምክትሎች በክሪት ላይ ሰፈሩበት፤ በጡጫ፣ በሰደፍ፣ በካልቾ። ሰው እንዴት እንደሚደበደብ ያስተማራቸው እሱ ነው፣ ጥሩ ተማሪዎችም ነበሩ። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር፣ አፍንጫው ሲጨፈለቅ፣ ያ የሚያምር ሳቁ ወደ ጩኸት ተለውጦ በአደባባዩ ላይ ተሰማ። አጠገባቸው ደርሶ የሚገላግል አልነበረም። "በቃ!" ብላ የጮኸችው ሚንታ ናት፤ ያኔም ወዲያው አልሰሟትም። በሬሳ ገመዷ ጠፍረው እየጎተቱ ወደ እስር ቤት ወሰዱት።

ከኋላ የቀሩት ክሎይድና ሁለት ሌሎች ነበሩ። ክሎይድ ከክሪት ደረት የነቀለውን ኮከብ ቀሚሷ ላይ ሰካላት። ሚንታ በደም የተሸፈነ ፊቷን ወደ ልጇ አዞረች።

"ሆባርት፣ ኮከብህን ፍታ።"

ሆባርት ኮከቡን ከደረቱ ገነጠለው። ጠመንጃውንም ከኮከቡ ጋር ደረጃው ላይ ጣለ። ሕፃን ሆኖ የቀጣችው ቀን ያያት እንደነበረው አያት፤ ከዚያ ከደረጃው ጎን ዘለለና እግሬ አውጪኝ አለ። በፍርድ ቤቱ ጓሮ በኩል ወደ ጅረቱ ቁልቁል ይሮጣል።

ሦስቱም ጠመንጃቸውን ወደ ጀርባው አነጣጠሩ። "ሸሪፍ፣ ልተኩስ?" አለ ክሎይድ።

ማን እንደተጠየቀ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀባት። ክሎይድ ከተኮሰ አይስትም፤ የሚመታውም ጀርባውን ነው፣ ኦርቪል ታኬት እንደተመታው። "ተዉ፣ የኔ ነው" ብላ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ከደረጃው ላይ የዌልቢን ጠመንጃ አነሳች። "ሆባርት!" ብላ ጠራችው። ለራት የምትጠራበት ድምፅ ነበር፤ ሌላ ድምፅ አልወጣላትም። ሆባርት ልማድ ሆኖበት ዞር አለ። እግሩ ላይ አነጣጥራ ተኮሰች።

ሆባርት ጅረቱ ዳር ደርሶ ቁጭ አለ። የደከመው ሰው ነበር የሚመስለው። ስትደርስ ግን ከጭኑ ውስጠኛ በኩል ደሙ እየተገፋ ይወጣል፤ ትንሿ ጥይት ትልቁን የደም ሥር አግኝታዋለች። በመቀነቷ አሰረችው፣ በሁለት እጇ ጫነችው፣ በጉልበቷ ተቀመጠችበት። ደሙ በጣቶቿ መሐል እየሾለከ ወጣ። ክሎይድ ኮቱን አውልቆ ሰጣት፤ ኮቱም ራሰ።

"እማ፣ በረደኝ" አላት።

"አይዞህ። አይዞህ የኔ ልጅ፣ ይኸው ያዝኩህ።"

"አልተናደድኩብሽም" አለ፤ ሌላም ሊል ፈልጎ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ሚንታ ደሙ መውጣቱን ካቆመ በኋላም እጇን ከጭኑ ላይ ለማንሳት እምቢ አለች። ክሎይድ እንደ ሕፃን ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቃት።

በማግስቱ ልጇን ሳንቃው ላይ አስተኝታ እነዚያኑ ስድስት ፈራጆች አስጠራች። መምጣት አልፈለጉም፤ ሕግ ነውና መጡ። ያበጠ አፏን እያንቀሳቀሰች አስረዳቻቸው፤ ሟቹ መሣሪያ አልያዘም፣ ይሸሽ ነበር፣ የተኮሰችው የሸሪፉን ሥራ የያዘችው ሴት ናት። ከልጇ ጭን ያወጣቻትን ትንሿን እርሳስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ያቺን የአተር ፍሬ የምታህል ነገር ሲያዩ ከስድስቱ አንደኛው ተነስቶ ወጥቶ አስታወከ።

በርል ባርኔጣውን በእጁ እያሸ "ሚንታ፣ ሥራሽን ነው የሠራሽው" አላት። "ሸሪፍ የሚሸሽ ሰው ላይ ይተኩሳል። ሁላችንም እንዲሁ ነው ያልነው። ሂጂ፣ ልጅሽን ቅበሪ።"

"ክሪትም ሥራዬ ነው ይል ነበር።"

"አንቺ እንደ ክሪት አይደለሽም።"

"ይኼን የሚለው ማነው? የሚፈራኝ ሰው ነው ወይስ የማይፈራኝ?"

በርል ወለሉን አየ።

ልጇን ቀበረችው። ሳጥኑን ራሷ ሠራች፣ ገመዱን ከክሪት ላይ አስፈትታ አስመጣች፣ በዚያው አወረደችው። ለቀስተኛው በቆሎ ዳቦና የአሳማ ሥጋ ይዞ ቤቷ ሲሰበሰብ፣ እሷ ከመቃብሩ ቀጥታ ወደ እስር ቤቱ ሄደች።

የእስር ቤቱ ጠባቂ ኢሊ ኮርኔት እሱም በሕዝብ የተመረጠ ነው፤ በዚያችው ክብ፣ በዚያችው ኤክስ። ማንንም አልመታም፣ ማንንም ሲመቱ አላስጣለም። ቁልፉን ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ብድግ አለ።

"ኢሊ፣ ክፈት።"

"ማንን ልታይ ነው?"

"እስረኛ አምጥቼ ነው። ሸሪፉን።"

"ሸሪፉማ ውስጥ ነው እኮ፣ ሲያቃስት አይሰማሽም? የጎድኑ..."

"እሱ የቀድሞው ነው። የአሁኑን ነው ያመጣሁት።" ከቀሚሷ ላይ ኮከቡን ነቅላ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። "ሰው ገድላለች።"

ኢሊ ኮከቡን አየ፣ እሷን አየ። "ሚንታ፣ በእግዚአብሔር፣ ቤትሽ ግቢ። ሰዉ ይጠብቅሻል። እንዲህ ያለ ነገር የለም። ማነው ያሰረሽ?"

"የአስከሬን መርማሪዋ።"

"ፈራጆቹ ነፃ ብለውሽ የለ!"

"ፈራጆቹ ፈርተዋል፣ ወይ አዝነውልኛል። ዳኛ ፔምበርተን ሲመለስ ከሌላ ካውንቲ የመጡ፣ የማያውቁኝ ሰዎች ይስሙኝ። እስከዚያ ድረስ፣ በዚህ ካውንቲ ሸሪፍ ማሰር የሚችል ሌላ ሰው ካለ ጥራልኝና እሱ ይወስን።"

ኢሊ አሰበ። ዳኛውን አሰበ፣ ጸሐፊውን አሰበ፣ ክሎይድን አሰበ፣ ራሱንም አሰበ፤ ሸሪፍ ማሰር የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም። ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ ከክሪት ክፍል ትይዩ ያለውን በር ከፈተ። ሚንታ ገብታ የእንጨት አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ጥፍሯ ሥር ያለው ደም ገና አልለቀቀም። ክሪት ያበጠ ፊቱን ከብረቱ መሐል አውጥቶ "አብደሻል" አላት፣ ሳይስቅ።

ኢሊ በሩን ቀስ አድርጎ ገፋው። ሳይቆልፈው ዞሮ ሊሄድ ሲል ድምፅዋን ሰማ።

"ቆልፈው፣ ኢሊ።"